ኢሲጂው ደህና ነው ተባልኩ፣ ልቤ ግን አላረፈም

ከአንዲት እህታችን የመጣው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«ዕድሜዬ 24 ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልቤ በድንገት ይደልቃል። አንዳንዴ ሥራ ላይ፣ አንዳንዴ ልተኛ ጋደም ስል። ሁለት ቦታ ታየሁ። ኢሲጂ ተነሳሁ፣ ግፊትም ለኩኝ፣ ደህና ነሽ፣ ጭንቀት ነው አሉኝ። ግን አልተወኝም። ብቻዬን መተኛት እየፈራሁ ነው። ቡና ትቻለሁ። እናቴ ጸበል እንሂድ ትለኛለች። በቅርቡ ላገባ ነው፣ መውለድስ እችል ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ምክንያቱ ካልታወቀ እንዴት አድርጌ ነው የምኖረው?»

እህቴ፣ የተነገረሽን መጀመሪያ ለሁለት እንክፈለው። «ኢሲጂሽ ደህና ነው» አንድ ነገር ነው። «ስለዚህ ጭንቀት ነው» ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ጥሩ ዜናም ነው። ሁለተኛው ግን በዚያ ብቻ የሚደረስበት አይደለም። መደበኛው ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ለ10 ሰከንድ ያህል ነው። በዚያ 10 ሰከንድ ልብሽ እየደለቀ ነበር? አይመስለኝም። ካርድ አውጥተሽ፣ ወረፋ ጠብቀሽ፣ ተራሽ እስኪደርስ አልፎልሽ ነበር። መብራት ሲቆራረጥብሽ የጠራሽው ኤሌክትሪሻን መብራቱ ከመጣ በኋላ ደርሶ «ይኸው ይበራል» ብሎ እንደሚሄደው ነው። አልዋሸም። የጠራሽበትን ነገር ግን አላየውም።

ስለዚህ «ምክንያቱ አልታወቀም» ሲባል ብዙ ጊዜ በሚመጣበት ሰዓት አልተያዘም ማለት ነው። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። በአንቺ ዕድሜ የልብ ምት የሚያስቸግራቸው አብዛኞቹ ሴቶች ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር የለባቸውም። ግን አለማስጋቱ ተጣርቶ ሊነገርሽ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ኤስቪቲ የሚባለው የልብ ምት መዛባት እንዳለባቸው የተረጋገጠላቸውን 107 ሰዎች ታሪክ ወደኋላ ሄዶ አየ። ከመቶ 67ቱ ምልክታቸው ፓኒክ የሚባለውን የፍርሃት ሕመም መመዘኛ ያሟላ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ምርመራ ችግራቸው አልታወቀም። ሳይታወቅላቸው ከቀሩት ውስጥ ደግሞ «ጭንቀት ነው» የተባሉት ሴቶች ድርሻ ከወንዶቹ በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ችላ የተባልሽ ከመሰለሽ፣ እንዲህ የሚሆነው በአንቺ ብቻ አይደለም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። «ይደልቃል» ስትዪ እንዴት አድርጎ ነው? በር ዘግተሽ ቁጭ በይና ምቱን ጠረጴዛ ላይ በጣትሽ ምቺው። እኛ ሐኪሞችም ታካሚን የምናስደርገው ይህንኑ ነው፣ ብዙ መሣሪያ የማይነግረንን ይነግረናል።

ልብሽ ዘለል ብሎ፣ አፍታ ባዶ ነገር ተሰምቶሽ፣ ከዚያ አንዴ ጠንከር ብሎ «ድም» የሚል ከሆነ፣ ያ ምናልባት ከተራው ቀድሞ የመጣ ምት ነው። ቀድሞ ከመጣው በኋላ ልብ ትንሽ ያርፋል፣ በዚያ ዕረፍት ብዙ ደም ይሞላል፣ ቀጣዩ ምት በርትቶ ይወጣል። የሚያስደነግጥሽ ያኛው ብርቱው ነው። ጤነኛ ወጣቶች ላይ 24 ሰዓት መዝጋቢ ቢታሰር ብዙዎቹ ላይ ይገኛል፣ እነሱ አይሰማቸውም እንጂ። የልቡ አሠራር ደህና ለሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት እንኳን አያስፈልገውም።

ባንዴ ጀምሮ ባንዴ የሚያቆም፣ መቁጠር እስኪያቅትሽ የሚፈጥን፣ ግን እኩል እኩል የሚመታ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ምቱ አንገትሽ ላይ ይሰማሻል? ካለፈልሽ በኋላ ሽንት በብዛት ይመጣብሻል? አዎ ካልሽ ቅድም ያልኩትን ኤስቪቲ አስባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ150 እስከ 250 ይመታል። ልብ ውስጥ አንድ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ስላለ ምቱ በዚያ እየዞረ ራሱን ያስቀጥላል። በጣም የተለመደው ዓይነት በሴቶች ላይ ይበዛል፣ አንዳንዶቹ የወር አበባቸው ሊመጣ ሲል ይብስባቸዋል። ይህ ዓይነቱ ሲያልፍ ኢሲጂው ፍጹም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ መድኃኒት አለው፣ ሲደጋገምም አብሌሽን በሚባል ሕክምና ትርፉን መንገድ ማቃጠል ይቻላል፣ ከመቶ 95 በሚያህሉት ላይ ይሳካል።

ቀስ በቀስ ጨምሮ ቀስ በቀስ የሚበርድ ከሆነ ግን ልብሽ ሌላ ነገር እያዘዘው ነው የሚሮጠው። ደም ማነስ፣ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ችግር፣ ትኩሳት፣ የውሃ እጥረት፣ ፍርሃት፣ እርግዝናም ይሆናል። ተኝተሽ ደህና ሆነሽ ስትቆሚ የሚብስብሽ ከሆነ ደግሞ ቤትሽ ልትሞክሪው የምትችይው ነገር አለ። 10 ደቂቃ ጋደም በይና ቁጠሪ። ከዚያ ቁሚ፣ በ2ኛው፣ በ5ኛው፣ በ10ኛው ደቂቃ ድጋሚ ቁጠሪ። ግፊትሽ ሳይወርድ የልብ ምትሽ ከ30 በላይ ጨምሮ እዚያው ከቆየ ፖትስ የሚባል ችግር ሊሆን ይችላል። በወጣት ሴቶች ላይ የሚበዛ ነው፣ ከኮቪድ ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን በኋላ የጀመራቸውም አሉ። ደም ማነስና የውሃ እጥረት ግን ይህንኑ ስለሚመስሉ እነሱ ቀድመው መጣራት አለባቸው።

«ልተኛ ጋደም ስል» ያልሽው ላይም አንድ ነገር ልበል። በግራ ጎንሽ ስትተኚ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ይጠጋል፣ ስለዚህ ያው የተለመደው ምት ጎልቶ ይሰማሻል። ቤቱም ጸጥ ብሏል፣ ጆሮሽም እሱው ላይ ነው። ዛሬ ማታ በቀኝሽ ዙረሽ ተኚና እዪው።

ወደ ምርመራው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። የሌላ አገር ጽሑፍ ብታነቢ «ወጣት ነሽ፣ ኢሲጂሽ ደህና ነው፣ በቃ» ይልሻል። እኛ አገር ግን አንድ ነገር ይቀራል፦ ኢኮ። በልጅነት የጉሮሮ ኢንፌክሽን፣ እኛ ቶንሲል የምንለው፣ በደንብ ሳይታከም ሲደጋገም የልብን ቫልቭ፣ ደም የሚያልፍበትን በር ማለት ነው፣ የሚጎዳ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ሪውማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች የተደረገና 3,343 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። አማካይ ዕድሜያቸው 28 ነበር፣ ከመቶ 66ቱ ሴቶች ነበሩ። እንግዲህ ያንቺ ዕድሜ፣ ያንቺ ጾታ ነው። ቫልቭ ሲጠብ የመጀመሪያው ምልክት ደረጃ ሲወጡ የትንፋሽ ማጠርና የልብ መደለቅ ሊሆን ይችላል፣ ኢሲጂውም መጀመሪያ ላይ ብዙ ላያሳይ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ በሽታ አያድንም፣ ልጅ ሳለሽ ተቆርጠሽ ከሆነ «እኔማ ተቆርጫለሁ» ብለሽ አትዘናጊ። ኢኮ የድምፅ ሞገድ ምርመራ ነው፣ ለነፍሰ ጡር የሚሠራው አልትራሳውንድ ዓይነት ማለት ነው፣ አያምም፣ ጨረርም የለውም። ልብሽን አንድ ጊዜ በኢኮ ማሳየት አለብሽ። ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ የፍርሃትሽን ግማሽ እዚያው ጥለሽው ትመጫለሽ።

ከኢኮው ጋር ሁለት የደም ምርመራ ያስፈልግሻል። አንዱ የደም መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን ከመቶ 24ቱ ደም ማነስ ነበረባቸው። የደምሽን መጠን የሚነግረው ሄሞግሎቢን ከ12 በታች ከሆነ ልብሽ ያነሰውን ደም ቶሎ ቶሎ በማዞር ለማካካስ ይሮጣል፣ የልብ በሽታ ሳይኖርብሽ ማለት ነው። ከተቻለ ፌሪቲንም ይታይልሽ፣ የተከማቸው ብረት ሄሞግሎቢን ሳይወርድ በፊት ሊያልቅ ይችላል። የወር አበባሽ ብዙ ነው? ስንት ቀን ይቆያል? ይህን ሐኪሙ ባይጠይቅሽም ንገሪው።

«እንጀራ እየበላሁ እንዴት ብረት ያንሰኛል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጤፍ ውስጥ ብረት አለ፣ እውነት ነው። ግን ከፊሉ በውቂያ ጊዜ ከአፈር የሚገባ ነው፣ ያለውንም ቢሆን ሰውነት በሙሉ አይወስደውም። ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ ሲደረብበት ደግሞ የሚወሰደው ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ምግብና ቡናሽን ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቂያቸው። የብረት ክኒን ከታዘዘልሽም በሻይ አትዋጪው፣ በብርቱካን ወይም በሎሚ ውሃ ይሻላል።

ሁለተኛው ታይሮይድ ነው፣ ቲኤስኤች ብለው ያዝዙልሻል። እየበላሽ ክብደትሽ ይቀንሳል? ሌላው ሲበርደው አንቺን ይሞቅሻል? እጅሽ ይንቀጠቀጣል? የወር አበባሽ ተዛብቷል? ታይሮይድ ሲበዛ ልብ ተኝተሽም ይሮጣል። አንገት ላይ እንቅርት ካልታየ የለም ማለት አይደለም። ሕክምናው የታወቀ ነው።

ቡና መተውሽን ጽፈሻል። በአንድ ልብ አላመሰግንሽም፣ አልወቅስሽምም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥሩ ጥናት 100 ጤነኛ ሰዎችን አንድ ቀን ቡና ጠጡ፣ አንድ ቀን ተዉ እያለ ልባቸውን መዝግቧል። ከላይኛው የልብ ክፍል ቀድሞ የሚነሳው ምት በቡና አልጨመረም። ከታችኛው የሚነሳው ግን በቀን ከ102 ወደ 154 ከፍ ብሏል። እንቅልፋቸው ደግሞ በ36 ደቂቃ አንሷል። እና ሁለት ሳምንት ትተሽ ለውጥ ካላየሽ ቡናሽን ጠጪ፣ ከእናትሽ ጋር የምትቀመጪበትን ሰዓት በከንቱ አትጪው። ከሰዓት በኋላ ያለውን ግን ተይው፣ እንቅልፍ ያጣ ልብ ይረበሻል። ኢነርጂ ድሪንክ፣ ጫትና ሺሻ ካሉ ግን ያለ ድርድር ይቁሙ። የአፍንጫ መታፈንን የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖች፣ ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል፣ በየሱቁ የሚሸጡ ክብደት መቀነሻዎችም ልብን ያስሮጣሉ። የምትወስጂውን ሁሉ ማሸጊያውን ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪ።

ጎረቤት ወይም ጓደኛ «እኔን ያሻለኝ ነው» ብላ የምትሰጥሽን ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብ ምት የሚያዘገይ ክኒን አትዋጪ። አስም ካለብሽ ትንፋሽ ሊያሳጥርሽ ይችላል፣ በዚያ ላይ ችግሩን ሳናየው ይሸፍነዋል።

አሁን ዋናው ሥራ፦ ሲመጣ መያዝ። ችግሩ በየቀኑ የሚመጣ ከሆነ ሆልተር የሚባለውን ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ደረት ላይ የሚታሰረውን መዝጋቢ ጠይቂ። በሳምንት ወይም በወር አንዴ ከሆነ ግን ሆልተሩ የታሰረበት ቀን ደህና ሆነሽ ልትውዪ ትችያለሽ፣ ገንዘብሽ ይባክናል። ያኔ የሚሻለው በመጣብሽ ሰዓት ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ሮጠሽ፣ ከምንም በፊት ኢሲጂ እንዲያነሱሽ መጠየቅ ነው። በአፍሽ እንዲህ በይ፦ «እባካችሁ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት አሁኑኑ ኢሲጂ አንሱኝ።» ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ያች አንድ ወረቀት ከአንድ ዓመት ምልልስ ትበልጣለች። ኢሲጂ የሚያነሳ ስማርት ሰዓት ያለው ዘመድ ካለሽም ይጠቅማል፣ ግን ኢሲጂ የሚያነሳው ዓይነት መሆን አለበት፣ ምት ብቻ የሚቆጥረው አይደለም። ይህ ሁሉ ካልተገኘ ሁለት ጣትሽን አንጓሽ ላይ አድርገሽ 30 ሰከንድ ቁጠሪና በ2 አባዢው። የግፊት መለኪያ ማሽን ቤት ካለም የልብ ምቱን አብሮ ያሳያል። ሰዓቱን፣ ምን ትሠሪ እንደነበር፣ እንዴት እንደጀመረና እንዴት እንዳቆመ፣ የወር አበባሽ የስንተኛው ቀን እንደሆነ ጻፊው። ሁለት መስመር ይበቃል።

ባንዴ የሚጀምረው ዓይነት ከሆነ ለማቆም የምትሞክሪው አለ። ጀርባሽን ደገፍ ብለሽ ተቀመጪ፣ ባዶ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጫፍ ላይ ለ15 ሰከንድ በኃይል ንፊ፣ ወዲያው በጀርባሽ ተኚና ሌላ ሰው እግርሽን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ለ15 ሰከንድ ይያዝልሽ። በእንግሊዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ይህ ዘዴ ከመቶ 43ቱን በዚያው መልሷል፣ እግር ሳይነሳ የሚደረገው የድሮው ዘዴ ግን 17ቱን ብቻ። አንገትሽን ግን ራስሽ አትሺው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውን ልንገርሽ። ራስሽን ከሳትሽ፣ በተለይ እየሮጥሽ ወይም እየሠራሽ ሳለሽ። ደረትሽን ከጨመቀሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ዓይንሽ ከጨለመብሽ። ከ20 ደቂቃ በላይ ሲሮጥ ቆይቶ አልመለስ ካለ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ መንቀሳቀስ ካልቻልሽ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ አለ። ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለም ለሐኪሙ ንገሪው፣ ሳይጠይቅሽ።

ፍርሃቱስ? ጭንቀት አይደለም ልልሽ አልፈልግም፣ ሊሆንም ይችላልና። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። ልብ ዘለል ይላል፣ ትደነግጪያለሽ፣ ድንጋጤው አድሬናሊን ይለቃል፣ አድሬናሊኑ ልብን ያስሮጣል፣ አንቺም «ይኸው መጣ» ትያለሽ። እጅሽ ከደነዘዘ፣ ከንፈርሽ ከነዘረሽ፣ አየር ያነሰሽ እየመሰለሽ በፍጥነት የምትተነፍሺ ከሆነ ይህ ክብ ውስጥ ገብተሻል። መውጫው ትንፋሹ ነው። በአፍንጫሽ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ፣ አምስት ደቂቃ ያህል። ደግሞ አንድ የምለምንሽ ነገር አለ፦ ምልክት በሌለበት ሰዓት አንጓሽን አትያዢ። ቀኑን ሙሉ የሚቆጥር ሰው ደረጃ በወጣ ቁጥር 110 ያያል፣ 110 ደግሞ ደረጃ ለወጣ ሰው ልክ ነው። እንቅስቃሴም አታቁሚ። ኢኮሽ ደህና ከሆነ በፍጥነት መራመድ ጀምሪ። ቤት የተቀመጠ ልብ ትንሽ ነገር ያስሮጠዋል። ብቻ መተኛቱን ደግሞ ቀስ በቀስ መልሺው፣ ለጥቂት ሳምንት እህት ወይም ጓደኛ አብራሽ ብታድር ነውር የለውም። ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ ፍርሃቱ ሥራና እንቅልፍ ከከለከለሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ እዪ። እሱም እውነተኛ ሕመም ነው፣ እውነተኛ ሕክምናም አለው።

እናትሽን አትጋፊያት። ጸበሉን ሂጂ፣ ሰላም ከሰጠሽ ለልብሽም መልካም ነው። የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። የታይሮይድ መድኃኒት ወይም ለሪውማቲክ የልብ ሕመም የሚሰጠው የየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ከተጀመረልሽ ጸበል ገባሁ ብለሽ አታቋርጪው። ውሃ ሳትጠጪ ለረጅም ሰዓት ቆመሽ እንዳትደክሚም ተጠንቀቂ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነና የሚብስብሽ ያኔ ከሆነ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ ለታመመ ሰው ቀለል የሚደረግበት መንገድ አለ።

ስለ መውለድ ደግሞ። ቀድሞ የሚመጣ ምት ያላቸው፣ ኤስቪቲ ያላቸው፣ ደም ማነሳቸው የታከመላቸው ሴቶች ወልደው ይስማሉ። ግን ምርመራውን ከእርግዝና በፊት ጨርሺው። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፣ የልብ ምትም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ከፍ ይላል። ለጤነኛ ልብ ይህ ምንም አይደለም። የጠበበ ቫልቭ ካለ ግን ሳይታወቅ የኖረው ያኔ ነው በአደገኛ ሁኔታ የሚወጣው። ለዚህ ነው ከሠርጉ ሽርጉድ በፊት ኢኮውን ያስቀደምኩብሽ። እጮኛሽንም ይዘሽው ሂጂ፣ ሐኪሙ የሚለውን እሱም በጆሮው ይስማ። የኢኮው፣ የሄሞግሎቢንና የቲኤስኤች ውጤት ሲደርስሽ ቁጥሮቹን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ከዚያ ቀጥለን እናየዋለን።